አፈሙዙ ላይ ያለው ብርቱካናማ ቀለም ማንን ያድናል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም የልጆች መጫወቻ ሽጉጥን ጉዳይ በጥቂት መስመር ነክተነው ነበር። ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች ግን በጥቂት መስመር የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ አስረዱን። ጠመንጃ የወግ ዕቃ በሆነበት አገር፣ ልጅ ከብት መጠበቅ ሳይጀምር ከአገዳ ጠመንጃ ሠርቶ በሚያነግትበት አገር፣ በዚያ ላይ በየኬላው ፍተሻ በበዛበት ጊዜ፣ ጥያቄው መብዛቱ አይገርምም። ስድስቱን መርጠናል፤ የጠያቂዎቹን ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አጎቱ ለገና ጥቁር የፕላስቲክ ሽጉጥ ገዛለት፤ ቢጫ ፍሬ የሚተፋው ዓይነት ነው። እኔ ፈራሁ። አጎቱ ግን «ጫፉ ላይ ብርቱካናማ ቀለም አለው፤ ፖሊስ ሲያየው መጫወቻ መሆኑን ያውቃል» ይለኛል። እውነት ነው? — እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ፍርሃትዎ ልክ ነው። አጎትየውም ቢሆን ዝም ብሎ ከሜዳ ያመጣው ወሬ አይደለም። ብርቱካናማው ጫፍ የአሜሪካ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግ እውነተኛ የሚመስል መጫወቻ መሣሪያ ሁሉ አፈሙዙ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖረው ያስገድዳል። ፋብሪካዎቹ ለዚያ ገበያ ብለው የሠሩት ቀለም ነው እኛም መደብር ድረስ የመጣው።

ቀለሙ ምን ያህል እንደሚታይ ግን በቁጥር እንየው። ማካሮቭ ሽጉጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ሴንቲሜትር ያህል ናት። አንድ ፖሊስ 20 ሜትር ርቆ ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ በሁለት ጣቱ መካከል ቢለካት 5 ሚሊሜትር አትሞላም። አንዲት የስንዴ ፍሬ ማለት ነው። ብርቱካናማው ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ቢሆን እንኳ በዚያው ርቀት የጤፍ ፍሬ ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። ያችን የጤፍ ሲሶ የሚፈልገው ሰው ደግሞ ልቡ እየመታ፣ ዓይኑ እጅና ፊት ላይ ተተክሎ ነው። ሲመሽ ነገሩ ይብሳል፤ በጨለማ የሰው ዓይን ቅርጽን እንጂ ቀለምን አይለይም። የቀኑ ብርቱካናማ በምሽት ግራጫ ነው።

ሌላም አለ። እውነተኛ ሽጉጥ ጫፍ ላይ ቀለም መቀባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ወንጀለኛም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ብርቱካናማ ቀለም የታየበት ሽጉጥ ሁሉ መጫወቻ ነው ብሎ የሚዘናጋ ፖሊስ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ልጆች ደግሞ ጫፉን አይወዱትም። «እውነተኛ አይመስልም» ብለው ወይ ይነቅሉታል ወይ በማርከር ያጠቁሩታል።

የተነቀለ ጫፍ ምን እንዳመጣ በአሜሪካ በደንብ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2013 በካሊፎርኒያ ሳንታ ሮዛ ከተማ አንዲ ሎፔዝ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ክላሽ የሚመስል የፕላስቲክ መሣሪያ ይዞ በመንገድ ሲሄድ ፖሊስ ከኋላው «ጣለው» አለው። ልጁ ማን እንደጠራው ለማየት ዞር ሲል መሣሪያውም አብሮት ዞረ፤ ተመትቶ ሞተ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2014፣ በክሊቭላንድ ከተማ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ ኮልት ሽጉጥ የሚመስል መጫወቻ ይዞ መናፈሻ ውስጥ ሲጫወት ተመታ፤ በማግሥቱ ሞተ። በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ብርቱካናማው ጫፍ አልነበረም። ስለ ታሚር ከታች እንመለስበታለን፤ ስህተቱ ከጫፉ በፊት የጀመረ ነውና።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ዕቃውን ጨርሶ መጣል ይችላሉ፤ እኛ ብንሆን የምናደርገው እሱን ነው። ልጁ አለቀሰ፣ አጎቱም ተቀየመ ካሉ ደግሞ ጫፉን ትተው መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ቀለም ይቀቡት። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ የፕላስቲክ ወዝ ካለ ቀለሙ በሳምንት ይላጣል። ሲደርቅ አናጢ እንጨት በሚያለሰልስበት ሸካራ ወረቀት ጥቁሩ ወዙን እስኪያጣ ይፈተግ። ከዚያ በስፕሬይ ደማቅ ቢጫ ወይም ሮዝ፣ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየመሀሉ እየደረቀ። ሰደፉም፣ ካርታው (የጥይት መያዣው) የሚገባበትም፣ የጎኑም ጽሑፍ እንዳይቀር። አንድ ጎን ጥቁር ከቀረ ፖሊሱ የሚያየው ያን ጎን ሊሆን ይችላል።

ቀለሙ ከተቀባም በኋላ ከግቢ አይውጣ። ወደ ዘመድ ቤት የሚሄድ ከሆነ በተዘጋ ቦርሳ፤ ቀበቶ ሥር ወይም ኪስ ውስጥ በፍጹም። ልጁን ደግሞ አንድ ነገር ያስተምሩት፣ በጨዋታ መልክ ደጋግመው፦ «ሰው ከኋላህ ጮሆ ሲጠራህ መጀመሪያ ጣትህን ክፈት፣ ዕቃው ይውደቅ፣ ከዚያ ዙር።» ሰው ሲጠራ መዞር ከአንጎል የሚቀድም ልማድ ስለሆነ በቃል ብቻ አይያዝም። እያጫወቱ አሥር ጊዜ ያሠሩት።

ስለ ቢጫው ፍሬም አንድ ቃል፦ 6 ሚሊሜትር ነው፤ ቆዳ ላይ ቢያቆስል ይድናል፣ ዓይን ላይ ግን ደም ያቋጥራል። ዓይኑን የተመታ ልጅ ዓይኑን አይሽ፣ አይጫን፣ አይታጠብ፤ በዚያው ቀን ለዓይን ሐኪም ይታይ።

ጥያቄ፦ ቡሬ ገበያ ላይ የልጆች ዕቃ እሸጣለሁ። ለበዓል ሰሞን ከሁሉ የሚፈለገው ሽጉጥና ክላሽ ነው፤ ያውም ጥቁሩ። የትኛውን ባመጣ ከጣጣ እድናለሁ? — ነጋዴ

መልስ፦ የሌላ አገር ሕግ እዚህ ባያስገድድዎትም ለዕቃ መረጣ ጥሩ መለኪያ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ እውነተኛ የሚመስል መጫወቻ መሣሪያ መሥራትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም ከልክላለች። «አይመስልም» የሚባለው በዋናነት ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ወይም ውስጡ የሚታይ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ከሆነ ነው። ርዝመቱ ከ70፣ ቁመቱ ከ38 ሚሊሜትር ያነሰም ያልፋል፤ የቁልፍ መያዣ ያህል ማለት ነው። ውኃ የሚረጨውን ባለ ሁለት ቀለም ያምጡ፤ አይከስሩም። ጥቁሩን የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ልጁ ሳይሆን አባቱ ነው።

የሚያስፈራን ሌላ ነው። አንዳንዴ ከመጫወቻ ጋር ተቀላቅሎ «የድምፅ ሽጉጥ» የሚባለው ይመጣል። ያ መጫወቻ አይደለም። ብረት ነው፤ ይከብዳል፤ እውነተኛ የናስ ቀለህ ይጎርሳል፤ ባሩዱ ይነዳል፤ እርሳስ ብቻ ነው የሌለው። በአፍሪካ ቀንድ በሕገ ወጥ መንገድ ከሚዘዋወሩ ሽጉጦች መካከል ቱርክ ውስጥ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ ጥይት እንዲተፉ የተቀየሩ እንዳሉበት የታወቀ ነው። ብረታቸው ለዚያ ግፊት ስላልተሠራ ተኳሹ እጅ ላይ የሚፈነዱም አሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ቢያገኙ ለአቅራቢው ልመልስ ብለው መንገድ ላይ ይዘውት አይውጡ። ካለበት ሳያነሱት ለፖሊስ ደውለው እንዲረከቡዎት ያድርጉ፤ የተረከቡበትንም ወረቀት ይቀበሉ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፊት «መጫወቻ መስሎኝ ነው» ማለት አድካሚ ክርክር ነው።

ጥያቄ፦ የቀበሌ ሚሊሻ ነኝ። በማታ ጥበቃ አንድ ሰው ሽጉጥ የመሰለ ነገር ቢያነጣጥርብኝና ብተኩስ፣ ከዚያ ዕቃው የልጅ መጫወቻ ሆኖ ቢገኝ፣ እጠየቃለሁ? እንዳልሳሳትስ ምን ላድርግ? — ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ ከደረሱን ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

ሕጉን እናስቀድም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕገ ወጥ የሆነና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ጥቃትን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለ፣ በተመጣጠነ ኃይል መከላከልን ይፈቅዳል። ዕቃው መጫወቻ ከነበረ ግን በእውነቱ የተቃረበ ጥቃት አልነበረም። እዚህ ላይ አንቀጽ 80 ይመጣል፤ የፍሬ ነገር ስህተት የሚባለው። ሰው ነገሩን ተሳስቶ ተረድቶ ያደረገው ነገር እሱ በተረዳበት መልክ ይዳኝለታል። ጥንቃቄ ቢያደርግ ሊያስቀረው ይችል በነበረ ስህተት ላይ ከወደቀ ግን በቸልተኝነት ይጠየቃል፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል ደግሞ በአንቀጽ 543 ያስቀጣል። እንግዲህ ዳኛው ፊት «እውነተኛ መስሎህ ነበር ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም የሚነሳው። «እንዳይመስልህ ምን አደረግህ?» የሚልም ይከተላል። ከየት ቆሙ፣ ምን ብለው ተናገሩ፣ ስንት ጊዜ ሰጡ፣ ሁሉም ይቆጠራል።

የሚሸሽ ሰው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እጁ ላይ የሆነ ነገር ይዞ እየሮጠ የሚርቅዎት ሰው ጥቃት እያደረሰብዎት አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 56 የሚያዘው ሰው ቢቃወም ወይም ሊያመልጥ ቢሞክር ፖሊስ ከሁኔታው ጋር ተመጣጣኝ የሆነ ዘዴ እንዲጠቀም ይላል፤ «ተመጣጣኝ» የምትለዋን ቃል ይያዙልን። እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርሆዎችም ለመግደል አስቦ መተኮስ የሚቻለው የሰው ሕይወት ለማዳን ፈጽሞ የማይቀር ሲሆን ብቻ ነው ይላሉ። አስቀድሞም ማንነትን መናገርን፣ ማስጠንቀቅን፣ ለማስጠንቀቂያውም ጊዜ መስጠትን ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ ታሚር ራይስ እንመለስ፤ ከሱ የሚወሰደው ትምህርት ለእርስዎ ሥራ ነው። ስልክ የደወለው ሰው «ምናልባት የውሸት ነው»፣ «ምናልባት ልጅ ነው» ብሎ ነበር። ስልኩን የተቀበለው ክፍል ሁለቱንም ለፖሊሶቹ አላስተላለፈም። ፖሊሶቹ መኪናቸውን ሣሩ ላይ እየነዱ ልጁ አጠገብ፣ ጥቂት ሜትር ላይ አቆሙ። ከደረሱ ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተተኮሰ። ልጁ ከወደቀ በኋላም ለደቂቃዎች የመጀመሪያ እርዳታ አልተሰጠውም። በፖሊሶቹ ላይ የወንጀል ክስ አልቀረበም፤ ከተማው ግን ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ልብ ይበሉ፤ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ማንም ሰው መጫወቻን ከእውነተኛ አይለይም፤ እኛም አንለይም። ጥፋቱ ያን ሁለት ሰከንድ ራሳቸው መፍጠራቸው ነው። ሰላሳ ሜትር ርቀው ከግንብ ኋላ ቆመው ቢሆን አምስት ደቂቃ ነበራቸው።

ስለዚህ ሥራው ከቤት ይጀምራል። «አንድ መሣሪያ የያዘ አለ» የሚል ጥቆማ ሲመጣ አራት ነገር ይጠይቁ፦ በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማህ? ቁመቱ የልጅ ነው የአዋቂ? ዕቃው እጁ ላይ ነው፣ ወገቡ ላይ ነው፣ ተነግቷል? አሁን ምን እያደረገ ነው? መልሱን ለባልደረባዎ ሲያስተላልፉ «መሰለኝ»ን ቆርጠው አያስቀሩ። ጠቋሚ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2014 በኦሃዮ ጆን ክሮፎርድ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ከአንድ ትልቅ መደብር መደርደሪያ ላይ ያነሳውን የአየር ጠመንጃ ይዞ በስልክ እያወራ ሲዘዋወር፣ አንድ ሸማች «ሰው ላይ እያነጣጠረ ነው» ብሎ ደወለ፤ ፖሊስ መጥቶ ገደለው። ጠመንጃው ለሽያጭ የቀረበ ዕቃ ነበር።

ሲደርሱ ርቀው ይቁሙ፤ ጥይት የሚያቆም ነገር ከፊትዎ ይሁን። የድንጋይ ግንብ ያቆማል፤ የመኪና ሞተር ያለበት በኩል ያቆማል። የቆርቆሮ አጥር፣ የባጃጅ ጎን፣ ቀጭን ባሕር ዛፍ፣ የምርጊት ግድግዳ የክላሽ ጥይት ያቆማል ብለው አይመኑ። ከጥሩ መሸሸጊያ ኋላ ያለ ሰው «ቀድሞ እንዳይተኩስብኝ» የሚለው ፍርሃት ይቀንስለታል፤ ጊዜ የሚያገኘውም ከዚያ ነው። ጣትዎ ከምላጩ ውጭ፣ በብረቱ ጎን ይዘርጋ።

ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። ሦስት ሰው ሲጮህ ምን እንደሚሆን አስቡት፦ አንዱ «እጅ ወደ ላይ!»፣ አንዱ «እንዳትንቀሳቀስ!»፣ አንዱ «ጣለው!» የአንዱን ትዕዛዝ የፈጸመ የሌላውን ጣሰ። ከሁሉ የከፋችው ቃል ደግሞ «አሳየኝ!» ናት። «አሳየኝ» የተባለ ልጅ ዕቃውን ያነሳል፤ ያነሳው ዕቃ አፈሙዙ ወደ እርስዎ ነው። «አምጣው»ም እንደዚሁ። የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ «የቀበሌ ጥበቃ ነን። ባለህበት ቁም።» ይጠብቁ። «አትዙር።» ይጠብቁ። «ጣቶችህን ክፈት፤ ይውደቅ።» ይጠብቁ። «ሦስት እርምጃ ወደፊት ሂድ።» እያንዳንዱ ቃል አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ይጠይቃል። የደነገጠ ልጅ ደርቆ ይቀራል፤ መድረቁ እምቢታ አይደለም፤ ያንኑ ቃል በዝግታ ይድገሙለት። ማንነትዎን መናገሩን አይዝለሉ። ዩኒፎርም ሳይለብስ በጨለማ መሣሪያ ደግኖ «ቁም!» የሚል ሰው ለሌላው ዘራፊ ነው። የቀበሌውን ስም፣ ከተቻለ የሚያውቁትን የሰፈር ሰው ስም ጨምሩበት።

መጫወቻ መሆኑን የሚለዩ ምልክቶች አሉ፦ ሁለት የፕላስቲክ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር፣ የብሎን ራሶች፣ ከ9 ሚሊሜትር ይልቅ 6 የሆነ የአፈሙዝ ቀዳዳ፣ ክብደት። ባዶ ማካሮቭ 730 ግራም ናት፤ የፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል። እነዚህ ግን ዕቃው መሬት ላይ ካረፈ፣ ሰውየውም ከራቀ በኋላ የሚያገለግሉ ናቸው። ከርቀት ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የድምፅ ሽጉጥና የተቀየረ ሽጉጥ ባለበት አገር ደግሞ አደገኛም ነው። ሁሉን እውነተኛ ነው ብለው ይያዙት፤ ሰውየውን ግን ገዳይ ነው ብለው አይያዙት።

ከተተኮሰና ሰው ከተመታ፣ መሣሪያውን ካራቁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራ ደም ማቆም ነው። ንጹሕ ጨርቅ፣ ሁለት መዳፍ፣ ሙሉ ክብደት፤ ተሽከርካሪ እስኪመጣ ሳይለቁ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የድራማ ክበባችን ስለ አርበኞች ድራማ አዘጋጅቷል። ስድስት ጠመንጃ ያስፈልገናል። የአንዱ ልጅ አያት ምንሽር አላቸው፣ «ባዶ ነው፣ ውሰዱት» ብለውናል። ሌላውን ከእንጨት እንሠራለን። ምን እንጠንቀቅ? — ከሞጣ

መልስ፦ አያትየውን አመስግናችሁ ምንሽሩን እዚያው ተዉት። «ባዶ ነው» የሚባል ጠመንጃ ነው ሰው የሚገድል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በአንድ ፊልም ቀረጻ ላይ «ባዶ» የተባለ ሽጉጥ የካሜራ ባለሙያዋን ገድሏል፤ ያውም መሣሪያ ተቆጣጣሪ የተቀጠረበት ቦታ ላይ።

ስድስቱንም ከእንጨት ሥሯቸው። ተመልካቹ አሥራ አምስት ሜትር ርቆ የሚያየው ቅርጹን ነው፤ ምላጭና ቃታ ማስመሰል፣ ጥቁር ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ነጩ እንጨት ነጭ ይሁን። ሰደፉን ከአፈሙዙ ለይታችሁ በአንድ ረጅም ብሎን እንዲጋጠም አድርጉት፤ በመንገድ ላይ ለሁለት ተፈትቶ በጆንያ የታሰረ እንጨት ጠመንጃ አይመስልም። ማንገቻ አታድርጉበት ወይም መድረክ ላይ ብቻ እሰሩት፤ ከሩቅ ጠመንጃን ጠመንጃ የሚያስመስለው ማንገቻውና የትከሻ አያያዙ ነው። ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይውጣ፤ ስንት የእንጨት ጠመንጃ፣ በየትኛው ቀን፣ ከየት ወደ የት ብሎ ይግለጽ። አንድ ቀን ቀድሞ መምህራችሁ ለፖሊስ ጣቢያው ያድርስ። አንድ ልጅ ተረካቢ ይሁን፦ ስድስት ወጣ፣ ስድስት ገባ። የተኩስ ድምፅ ከፈለጋችሁ ከመጋረጃ ኋላ ሁለት ሳንቃ አጋጩ፤ ርችት አታስቡ፤ ከግቢው ውጭ ያለ ሰው ርችት መሆኑን አያውቅም። ፉከራው ሲሞቅ ደግሞ አፈሙዝ ወደ ጣራ እንጂ ወደ ሕዝብ አይዙር። ከድራማው በኋላ እንደ አርበኛ እንደለበሳችሁ ሻይ ቤት መሄድ የለም። ይህኛውን እንደማትወዱት እናውቃለን።

ጥያቄ፦ ባጃጅ እነዳለሁ። ኬላ ላይ ስደርስ ከኋላ ያለ ሕፃን መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ቢሆንስ? — ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ከኬላው በፊት ካዩት አስቁመው ዘንቢል ውስጥ ያስገቡት። ኬላው ላይ ከደረሱ በኋላ ከሆነ ያወቁት ሞተር ያጥፉ፣ ሁለት እጅዎ መሪው ላይ ይሁን፤ ዕቃውን ለመቀበልም ለመደበቅም አይዙሩ፣ እናቲቱም እንዳትነጥቀው ይንገሯት። ፈታሹ ሳይጠጋ ቀድመው ይናገሩ። አማርኛችን እዚህ ላይ ያጣላናል፦ «ሽጉጥ የለም» ሲሉ «የለም» መጨረሻ ላይ ናት፤ በንፋስና በሞተር ድምፅ ውስጥ የምትሰማው «ሽጉጥ» ብቻ ልትሆን ትችላለች። «የልጅ መጫወቻ ከኋላ አለ፤ እኔ አልነካውም፤ ና እየው» ይበሉ። «ሽጉጥ» የምትለውን ቃል ጨርሰው አይጥሯት። ቀልድም አይቀልዱ።

ጥያቄ፦ ወንድማችን የያዘው ነገር መሣሪያ መስሏቸው በጸጥታ ኃይል ተመትቶ ሞተ ቢባል፣ ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ምን ማድረግ አለበት? — ከቢቸና

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 15 በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር ማንም ሕይወቱን እንደማያጣ ይናገራል። ይህ መብት በወረቀት ላይ እንዳይቀር ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው በእኛ አገር የሚጠፋው በመጀመሪያው ቀን ነው። ምክንያቱም ቀብሩ ነው። በጎጃም ሰው በጠዋት ከሞተ ከሰዓት ይቀበራል፤ ያለ ሐኪም ምርመራ የተቀበረ ሰው ከየት ርቀት፣ ከፊት ወይስ ከኋላ እንደተመታ በኋላ ማስረዳት እጅግ ይከብዳል። የንስሐ አባትንና ሽማግሌዎችን አስረድታችሁ ቀብሩ ከምርመራው በኋላ እንዲሆን አድርጉ። ሆስፒታል አስከሬን የሚመረምረው በደብዳቤ ስለሆነ ደብዳቤውን ከፖሊስ ጠይቁ፤ ካልሰጡ ለዞኑ ዓቃቤ ሕግ በጽሑፍ አመልክቱ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ባሕር ዳር ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታ ይቀበላል። የምታስገቡት ወረቀት ሁሉ ሁለት ቅጂ ይሁን፤ በአንዱ ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፋችሁ እናንተ ያዙ።

ሟቹ የያዘው ዕቃ የት እንደወደቀ ያየ ሰው ካለ በዚያው ቀን ያየውን ይጻፍ፤ ከሌሎች ጋር ከተነጋገረ በኋላ የሌላው ወሬ የራሱ ትዝታ ይመስለዋል። ቦታውን በስልክ ስታነሱ ከቅርብ ብቻ አታንሱ፤ ተኳሹ ከቆመበት ወደ ወደቀው ሰው፣ ከወደቀውም ወደ ተኳሹ አድርጋችሁ አንሱ። ሰዓቱን ጻፉ፤ ብርሃን እንደነበረ፣ እንዳልነበረ የሚያሳየው እሱ ነው። ቀለህ ብታገኙ አታንሱት፤ ፎቶ አንስታችሁ ጠብቁት።

የለበሰውን ልብስ አትጠቡ፤ በጥይቱ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው የባሩድ ጥላሸት የተኩሱን ርቀት ይናገራል። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ እርጥቡ ይበሰብሳል፤ ጥላ ሥር ደርቆ እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ይጠቅለል፣ ከዚያም በደረሰኝ ለመርማሪው ይሰጥ። በለቅሶው ላይም የሟቹን ልብስ አውጥቶ ማሳየት ወግ መሆኑን እናውቃለን። ለዚያ ሌላ ልብሱን አውጡ፤ የዕለቱ ልብስ አይውጣ።